በእናቴ ጆሮ ውስጥ የሚራመደው

ጥጥ ሲለያይ ድምፅ አለው። ሰው ልብ አይለውም እንጂ አለው፤ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ጥርስ ሥር የሚገባ ስስ ጩኸት ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጭሮ መድኃኒት ቤት ቆሜ፣ ልጅቷ ከጥቅሉ ላይ ጥጥ ስትገነጥል ያ ድምፅ ጆሮዬ ገባና የመጣሁበት መድኃኒት ስሙ ጠፋኝ። "እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?" አለችኝ ሁለት ጊዜ። እኔ ግን በሐሳብ አገሬ መሰላ ነበርኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ አጠገብ።

እስቲ ከመነሻው ላጫውታችሁ።

ታላቅ ወንድሜ የጫት መኪና ላይ ጫኝ ነበር። ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ እግሩ በደንብ ስላልተጠገነ ያነክሳል፤ አንዱን ይረግጥና ሌላውን ይጎትታል። ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ሲቃረብ፣ የላስቲክ ጫማው በግቢያችን ጠጠር ላይ ይሰማል። ድም፣ ሸርር። ድም፣ ሸርር። እናቴ ቀና ሳትል "ዹፌ" ትላለች፤ መጣ ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ከቦርደዴ በታች መኪናው ተገለበጠ። ወንድሜ ቤት የገባው በሰው ሸክም ነው። ወንዶቹ አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ይዘውት ወጡ። በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣምና እናቴ ደጃፉ ላይ ቀረች። የብዙ ሰው እግር በጠጠሩ ላይ እየራቀ ሄደ። ድምፁ ሲጠፋ አልጮኸችም። ዞር ብላ ወንድሜ ወደታጠበበት ክፍል ገባች። እኔ ለለቀስተኛው ውኃ ላቀርብ ሄድኩ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ከሰዓት ነው፤ የመሰላ ጉም ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። እኔና እናቴ ብቻችንን በቆሎ እንፈለፍላለን። ድንገት እጇን አቆመች። ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነችና አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች።

"ዹፌ" አለች።

በሩን አየሁ። ጉም ብቻ ነው።

"ማን፣ እማ?"

"ጨልኢሲ።" ዝም በይ ማለቷ ነው። "ግቢ ውስጥ ነው። እግሩን አልሰማሽም?"

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚመጣበት ሰዓት አልነበረውም። ዳገት ስትወጣ አብሯት ይቸኩላል፤ ጋደም ስትል ቀስ ይላል። "ዛሬ ደክሞታል ልጄ" ትለኛለች፣ አሁን ከደጅ አይታው እንደገባች ሁሉ። ግራ ጆሮዋ ይመታት ነበር፤ ትራሷ ላይ ቢጫ ነገር አያለሁ። ስጠይቃት "ብርድ ነው" ትላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ቀናሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ሳወራላት ያ መዳፍ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ይሄዳል። ደህናው ጆሮ እሱ ነበር፤ የእኔ ድምፅ የሚገባውም በእሱ ነው። ለሞተው አንዱን ከፍታ ለእኔ ሌላውን ዘጋች። ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን። ቀስ በቀስ ማውራት ተውኩና በእጄ ማሳየት ጀመርኩ፦ ውኃ፣ እንጨት፣ ሰው መጥቷል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ጆሮዬን ግራ ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩ። ሽታው ቀደመ፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የማውቀው ግን ስሙ የማይመጣልኝ። ቀጥሎ ሰማሁት። ድም፣ ሸርር። ድም፣ ሸርር። ወደ ኋላ ዘልዬ በቆሎው ላይ ወደቅኩ።

የሰፈራችንን ሸኽ ጠራሁ። መጥተው ቁርአን ቀሩባት። ሲጨርሱ በሻሻቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ጂን ስንቱን አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚሸት ግን አላጋጠመኝም። ይሄ መግል ነው። ጭሮ ውሰጃት።"

ሆስፒታሉ ውስጥ የጆሮ ሐኪሟ ከጎጃም የተመደበች ወጣት ሴት ነበረች። ባለመብራት መመልከቻዋን የእናቴ ግራ ጆሮ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆየች።

"ጥጥ ነው። ሥሩ ድረስ ተጠቅጥቋል። ማን ነው የከተተው፣ እናቴ?"

"እኔ ነኛ።" እናቴ መሬት መሬት እያየች ነው። "ከልጄ ከፈን የተረፈ ነው። ይዘውት ሲወጡ የእግራቸው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንዳይወጣብኝ ዘጋሁት።"

ያኔ የዚያ የቀዝቃዛው ሽታ ስም መጣልኝ። ካፉር። ሬሳ ሲታጠብ የሚደረገው። ከሬሳ የተረፈ ጥጥ ቤት አያድርም፤ አብሮ ይቀበራል። እኛ ግን ዓመት ሙሉ አብረነው በልተን አብረነው ተኝተናል።

"መግሉ አጥንት እየበላ ነው" አለች ሐኪሟ። "ጥጡ ካልወጣ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ይገድልዎታል።"

"ከወጣ ይሄዳል።"

"ማን ነው የሚሄደው?"

"ልጄ። እዚህ ነው የሚራመደው።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ስባ ተጠጋች። "የሚሰሙት የራስዎን ደም ነው፣ እናቴ። ጆሮ ሲደፈን የውስጡ ይሰማል። እኔም ጆሮዬን ብደፍን የራሴን እሰማለሁ።"

"ያንቺ ደም ያነክሳል?"

"አልገባኝም።"

"የኔ ልጅ ያነክስ ነበር። ይሄም ያነክሳል። ደም ያነክሳል ወይ፣ ሐኪሜ?"

ሐኪሟ መመልከቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእናቴን የእጅ አንጓ ያዘች። የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆየች፤ ከዚያ ሰዓቱን ትታ እናቴን ማየት ጀመረች።

"ያነክሳል" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ልብ አንዳንዴ ምቱን እንደሚስት፣ መድኃኒትም እንዳለው ኋላ ለእኔ አስረዳችኝ። ገብቶኛል። ያ ልብ አረማመዱን ከማን እንደተማረ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እናቴ ሻሿን መልሳ ልትነሳ ነው። መዳፏ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሄደ። ያን መዳፍ ከዚያ በፊት ከልክዬው አላውቅም፤ ያኔ ግን ያዝኩትና ወደ ታች ጎተትኩት። አፌን ጆሮዋ ሥር አድርጌ፣ "እማ፣ እኔም እዚህ ነኝ። አንቺ ከሞትሽ እኔን ማን ይሰማኛል?" አልኳት።

ከሩቅ እንደተጠራ ሰው ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እኔን። ተመልሳ ተቀመጠች።

"ቀስ አድርገሽ አውጪው" አለቻት ሐኪሟን። "እንዳይደነግጥ።"

ሐኪሟ ጠብታ አደረገችላት፤ ጠብቃ በቀጭን መቆንጠጫ መጎተት ጀመረች። ጥጡ ጠቁሮ ቁራጭ ቁራጭ እያለ ወጣ። ከአዲስ ጥቅል ንጹሕ ጥጥ ትገነጥላለች፣ መግሉን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትገነጥላለች። እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛ ትነግረኝ ነበር፤ "ግቢው መሐል ነው... አጥሩ ጋ ደረሰ... ቆመ።" የመጨረሻው ቁራጭ ሲወጣ ከንፈሯ ያለ ድምፅ እየተንቀሳቀሰ ቀረ። አላለቀሰችም።

መናኸሪያ ስንደርስ ባጃጁ ይጮሃል፣ ረዳቶቹ "መሰላ! አንድ ሰው!" ይላሉ። እናቴ ድምፁ እንደሚመታት ሁሉ ትሸማቀቃለች።

"እማ፣ በዚህ ግቢ። መስኮቱ ጋ ተቀመጪ" አልኳት።

ዘወር ብላ ትክ ብላ አየችኝ። "ድምፅሽ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"እንዴት ሆነ?"

"የትልቅ ሴት።"

ከሆነ ቆይቷል አላልኳትም።

"እስቲ አውሪልኝ" አለች።

አወራሁላት። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መምህራችን፣ የጎረቤታችን ፍየል ደጅ የተሰጣውን የሸኹን ልብስ ስለ መብላቷ፤ እናቴ ፈገግ አለች። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ደክሞኝ ለአፍታ ዝም አልኩ። ያኔ ትንፋሿን ያዘች። አንገቷ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘንበል አለ። ፊቷ ላይ ምንም እንዳልሰማች አየሁ፤ ግን ትጠብቃለች።

ፈጥኜ ጀመርኩ። ያለውን ስጨርስ የሌለውን እየፈጠርኩ፣ እስከ መሰላ ድረስ ዝም አላልኩም።