መሪው ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ

ስልኩ ሲጠራ ካሕሳይ ቄራ በሚገኘው ጋራዥ ውስጥ ሚኒባስ ሥር ተንጋሎ ነበር። እጁ በግራሶ ስለተለወሰ በክርኑ ነክቶ ከፈተው። የደወለችው የሥራ ባልደረባው የሃድጉ የልጅ ልጅ ሰገን ነበረች፤ አያቷን አቦይ ነው የምትለው። «ጋሽ ካሕሳይ፣ አቦይ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችው። እሺ አላትና የጀመረውን ብሎን አጥብቆ ጨረሰ። ሃድጉ ሥራ ከመሀል ተትቶ ሲያይ አይወድም ነበር። ለቅሶ ቤት የደረሰው ግን እጁን ሳይታጠብ ነው፤ ያስተዋለው ሰው እንኳ አልነበረም።

ሁለቱ በአንድ ጋራዥ ሃያ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ሃድጉ ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ ሰው ከሚያመሰግን የመፍቻ ቁልፉን ማዋስ የሚቀለው ሰው ነበር። አንድ ሕግ ነበረችው። ሥራው ያላለቀ መኪና መሪ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ያሰረው ሰው ራሱ እስኪፈታው ድረስ ያንን መኪና ማንም አያስነሣም። አንድ ጊዜ ፍሬኑ የተፈታ መኪና አንዱ አስነሥቶ የጎረቤት አጥር ይዞ ከሄደ ወዲህ የመጣች ሕግ ናት።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቂርቆስ ባለው ግቢው አንድ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ያድስ ነበር፤ ለሰገን ነው። ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞልቷት መንጃ ፈቃድ መማር ጀምራለች። ማሰልጠኛው መንዳት እንጂ መኪና አያስተምርም ይል ነበር ሃድጉ። አሁን ፒካፑ ከነአዲስ ቀለሙ ቆሟል። መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሰገን እናት ለተገብርኤል ካሕሳይን ወደ ጎን ጠራችው።

«ፒካፑ እስከ እሑድ ከዚህ ካልተንቀሳቀሰ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ» አለችው። «ባየሁት ቁጥር አቦይ ከሥሩ የሚወጣ ይመስለኛል።»

ካሕሳይ ወደ ፒካፑ ሄዶ ጨርቁን አየ። ያልገባው አንድ ነገር ነበር፤ ሃድጉ ምን ቀርቶት ነው ጨርቁን ያሰረው?

ዓርብ ፍሬኑን ፈታ። ደህና ነው። መልሶ ገጠመው። ፍሪሲዮኑን አየ፤ አዲስ ነው። ቅዳሜ ዘይቱን በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተ፣ መብራቱን አንድ በአንድ አበራ፣ ከሥር ገብቶ ብሎኖቹን ሁሉ ነካ። አንድም የላላ የለም። እንዲያውም እሱ ራሱ ቸል የሚለውን ሁሉ ሃድጉ ሠርቶታል። የጓደኛውን ሥራ ሲመረምር የመጀመሪያው ነበርና ትንሽ አፈረ፤ ማወቅ የመፈለጉ ነገር ግን አልለቀቀውም።

እሑድ ከቀትር በፊት ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰገን የጋቢናውን በር ከፍታ ገባች።

«ሞተር እንዳትነኪ» አላት ካሕሳይ።

«አልነካም፣ በቃ ልቀመጥበት ብቻ።»

ፍሪሲዮኑን ልትረግጥ እግሯን ዘረጋች፤ አልደረሰም። ወደፊት ሳብ ስትል ወንበሩ አብሯት ሄደ።

ካሕሳይ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አየ። ወንበሩ አልታሰረም፤ እንዲሁ ተቀምጧል። በሁለቱም በኩል ወለሉ ላይ አዳዲስ ቀዳዳዎች በረድፍ ተበስተዋል፤ አንዱም ብሎን አልገባበትም። ጥግ ላይ በድልህ ጣሳ ውስጥ ብሎኖች ተቀምጠዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩ ውስጥ ሲያስስ ወንበሩን አላሰበውም።

«አቦይሽ ነይ ብሎሽ ነበር?»

ሰገን መሪውን አጥብቃ ያዘች። «ቅዳሜ ነይ፣ ቁጭ በይበት ይለኝ ነበር» አለች። «ማለቴ፣ ቀለሙን ሊያሳየኝ መስሎኝ። ፈተና አለብኝ አልኩት። አራት ቅዳሜ።»

«የእግርሽን ልክ ነበር የሚፈልገው። በግምት ብሎን አያስርም።»

አላለቀሰችም። ጀርባዋን ቀና አድርጋ ተቀመጠች፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረገጠች፤ ካሕሳይ ወንበሩን ገፋ መለስ እያደረገ ጉልበቷን አየ። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ልክ መጣ።

«ስምሽ እንደሚለው እንደ ሰጎን ረጅም ትሆናለች ብሎ ነው መሰለኝ እስከ ስድስት የበሳው» አላት። ያኔ ሳቀች።

ለተገብርኤል ከደጃፉ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወደ በሩ ሄዳ ቁራሌውን ሌላ ቤት እንዲጠይቅ ነገረችው።

ካሕሳይ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ጣሳው ውስጥ የነበሩት ግን ሦስት ናቸው፤ ወንበሩ የሚፈልገው አራት ነው። በእሑድ የዚያ ልክ ብሎን የሚሸጥ ሱቅ አልተከፈተም።

ሰገን ጨርቁን በዓይኗ አመለከተችው። እሱ ገና ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በስተግራ የኋላው ብሎን ይቀራል።