ሁለቴ ከላይ ያለፈው ክር

ኢሽቤል ባሏ ሩሪ ከሞተ ጀምሮ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍታው አታውቅም ነበር። በመጋቢት የከፈተችው ልጇ ማይሪድ በሰኔ ልታገባ ስለሆነ ነው። ሩሪ ለሙሽራው የጀመረው የቢላ እጀታ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። በሚኖሩባት ደሴት ሙሽራ ትንሽ ቢላ በካልሲው ሳይሰካ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ሩሪ እጀታውን ያበጀው ደርቆ ማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ሲቆፍር ካገኘው፣ ከጠቆረና እንደ ድንጋይ ከጠነከረ እንጨት ነው። እንደ ክር እየተጠላለፈ የሚወርደውን ሐረግ ከላይ እስከ ግማሽ ቀርጾ ሕመሙ ቀደመው። የቀረው የእርሳስ መስመር ብቻ ነው።

ኢሽቤል ሹራብ እንጂ እንጨት ሠርታ አታውቅም። እጀታውን ይዛ ጎረቤታቸው ቶርኪል ዘንድ ሄደች። ቶርኪል ከሩሪ ጋር አርባ ዓመት ጎን ለጎን የቀረጸ ሰው ነው።

«ጨርስልኝ» አለችው።

«በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅ? ሻዬን እንኳ ግማሹን የሚጠጣልኝ ሸሚዜ ነው። አንቺው ጨርሺው።»

«እኔ? እብድ ነህ?»

«በድንች ጀምሪ። ድንች ቢበላሽ አይቀየምሽም። ክሩ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር ያልፋል። ሌላ ሕግ የለውም።»

ሦስት ሳምንት ድንች ቀረጸች። የተበላሸው ሁሉ ማታ ተቀቅሎ ከጨው ዓሣ ጋር ይቀርባል።

«እማዬ፣ ዛሬም ቋጠሮ ልንበላ ነው?» ትላለች ማይሪድ።

«ዝም ብለሽ ብዪ። የትናንቱ ይብስ ነበር።»

ከድንች ወደ ለስላሳ እንጨት አለፈች። በግንቦት መሮዋን በጥቁሩ እጀታ ላይ አሳረፈች። ከታች ተነሥታ ወደ ሩሪ ሥራ ወጣች፤ በቀን የአንድ ጥፍር ያህል ብትገፋ ነው። አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ ቆረጠች።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ሁለቱ ሐረጎች ተገናኙ። የእሷ ክር ከላይ አልፎ መጣ፤ የሩሪም ቀጥሎ ከላይ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። ያው ነው። ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

«አበላሸሁት» አለችው ቶርኪልን፣ ሳትቀመጥ። «ሌላ እንደዚህ ያለ እንጨት ደግሞ የለም።»

ቶርኪል መነጽሩን አድርጎ በጥፍሩ ክሩን ተከተለ። «ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ…» የእሷን ጨርሶ ወደ ሩሪ ሥራ ገባ። አንድ ቦታ ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ።

«የአንቺ ደህና ነው። ሁለቴ ከላይ ያሳለፈው እሱ ነው።»

«ሩሪ አይሳሳትም።»

«እሱም አርባ ዓመት እንዲሁ ሲለኝ ኖሯል።»

ኢሽቤል እጀታውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። እዚያ ቦታ ላይ መሮው በደንብ አልሰመጠም። ቀኑን አወቀችው። ሩሪ ከሐኪም ቤት የተመለሰበት ሐሙስ ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ እጀታውን አነሣ። እሷም ምን እንዳሉት አልጠየቀችውም።

«ፍቀን እንደገና መቅረጽ እንችላለን። እጀታው ትንሽ ይቀጥናል እንጂ» አለ ቶርኪል።

«አይነካም።»

«ሰው ቢያየው?»

«ይየው።»

ቶርኪል መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ያለ ክር አንድ ቦታ ከሳተ፣ ሌላም ቦታ ካልሳተ አይዘጋም። አንቺ ስሕተት ያልሽው መገናኛ ነው የሱን የዘጋለት።»

በሠርጉ ዕለት ኢሽቤል በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ስለቱ የተገጠመለትን ቢላ ለሙሽራው ለፊንሌይ ሰጠችው።

«ቁም!» አለ ቶርኪል። «ቢላ በነጻ አይወሰድም፤ ዝምድና ይቆርጣል። ሳንቲም ስጣት!»

ፊንሌይ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ። «እማማ ኢሽቤል፣ ካርድ ይቀበላሉ?»

ሰዉ ሳቀ። ማይሪድ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ለመልካም ዕድል ከጫማዋ ውስጥ ያኖረችውን ሳንቲም አውጥታ ሰጠችው። እሱም ለአማቱ ሰጠ። ከዚያ በአውራ ጣቱ እጀታውን ዳሰሰ።

«የእርስዎ የትኛው ነው?»

«ከታች ያለው።»

ደግሞ ዳሰሰው። «አይለይም» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሳንቲሙን ልታስቀምጥ የሩሪን ሳጥን ከፈተች። ትንሿን መሮ አወጣች። ቤት ውስጥ ድንች ስላልነበረ፣ ካፖርቷን ደርባ ልትገዛ ወጣች።