ደጃፌ ላይ የተቀመጠ የገና ሣጥን

ባለቤቴ ያረፈው በኅዳር መጨረሻ ነው። የፈረንጆቹ ገና የመጣው አርባው ሳይወጣ ስለነበር፣ ዘንድሮ የእኛንም የነሱንም በዓል አላከብርም ብዬ ወስኜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ፣ እተኛለሁ፣ በቃ።

የምኖረው በሰው አገር፣ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር፣ ኪራይ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከኔ ሦስት በር አልፎ ሰማንያ ያለፋቸው አይሪሽ አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። የተዋወቅነው ከስድስት ዓመት በፊት ባላቸው ሲሞቱ ነው። ለቅሶ ቤት ምግብ አይሠራም ብለን፣ እኔና ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ እንጀራና ወጥ አመላለስንላቸው። ይወዱት እንደሆነ አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን የገና ሣጥን ሥራ ውስጥ ገባን። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እሳቸው ካቶሊክ፤ ሣጥን ለመሸከም ግን ሃይማኖታችንን የጠየቀን የለም። ለቸገራቸው ቤተሰቦች ሻይ፣ ስኳር፣ ድንች፣ የታሸገ ምግብና ኬክ ይታደላል። እኔ በአረንጓዴ ሪባን አስራለሁ፤ ባለቤቴ ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ተለዋውጦ በመኪናው ያደርሳል።

የማደሉ ደንብ የመጣው ከጎረቤቴ አገር ነው። ሣጥኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፣ ደወሉ ይደወላል፣ በሩ ሳይከፈት ዘወር ይባላል። ተቀባዩ የሰጪውን ፊት ካላየ እሑድ ሲገናኙ አንገቱን አይደፋም ይላሉ። ባለቤቴ ይህን ደንብ አንድም ቀን አልጠበቀም።

«የሰው ደጅ ደርሼ እንዴት ዋላችሁ ሳልል እንደ ሌባ ልሩጥ?» ይል ነበር።

አንዱ ቤት ሻይ ጠጥቶ፣ ሌላው ቤት አምፑል ቀይሮ ይመጣል። አሮጊቷ ይቆጡታል፤ «አስቀምጠህ ና አልኩህ እንጂ አብረህ ኑር አልኩህ?»

ለኛ ደግሞ እሳቸው በየዓመቱ ኬክ ይሰጡን ነበር። በጥቅምት ጋግረው፣ እስከ ገና ድረስ በየሳምንቱ ውስኪ በማንኪያ እያጠጡ የሚያቆዩት፣ ዘቢብ የሞላበት ጥቁር ኬክ ነው። ቅቤና እንቁላል ስላለው ጾም እስክንፈታ ፍሪጁ አናት ላይ ይቀመጣል። ባለቤቴ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያሸተውና፣ «ይሄም እንደኛ እየጾመ ነው፤ ግን ሰክሯል» ይላል።

ዘንድሮ ሣጥን ለማሰር አልሄድኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችም አልጠሩኝም። በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ ደወል ተደወለ። ስከፍት ሰው የለም። ደጃፌ ላይ አረንጓዴ ሪባን የታሰረበት ሣጥን ተቀምጧል። ቋጠሮው የኔ እጅ አይደለም፤ ላላ ብሏል።

ወዲያው የመጣልኝ፣ ስሜ ከተረጂዎቹ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ነው። ባል ሞተባት፣ ብቻዋን ናት፣ ጻፏት። ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣጥፋለሁ፣ ኪራዬን እከፍላለሁ። ለሰው ሳስር የኖርኩት ሣጥን ለኔ መጣ። ፊቴ ጋለ።

ሳልከፍተው አንስቼ ሦስቱን በር አለፍኩና የአሮጊቷ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። ደወሉን ተጭኜ ሮጥኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደረጃው ሥር ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ።

«አየሁሽ!» አሉ በመስኮት። «ጥቁር ለብሶ ነጭ ግድግዳ ላይ የሚደበቅ ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው!»

ወጣሁ። እሳቸውም በራቸውን ከፈቱ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው።

«ቸገረኝ ብዬዎታለሁ?»

«አላልሽኝም።»

«ታዲያ ዝርዝሩ ውስጥ ማን አስገባኝ?»

«የምን ዝርዝር? ይሄ የመጣው ከቤቴ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አይደለም።» በሩን ተደግፈው አስረዱኝ። በአገራቸው ሰው የሞተበት ቤት በመጀመሪያው ገና ኬክ አይጋግርም፣ የደስታ ካርድም አይልክም። የጋገረ ጎረቤት ያመጣለታል።

«ታዲያ ለምን ሮጡ?»

«በዚህ ጉልበቴ ሮጠች ካልሽኝ አመሰግናለሁ። ስታለቅሺ እንዳላይሽ ነው። ያኔ እናንተ በየቀኑ መጥታችሁ ቁጭ ስትሉብኝ፣ መቼ ሄደውልኝ ባለቀስኩ እል ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። እኛ አገር ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው።

«እንጀራውስ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ መስሎኝ ነበር። ግን መለስኩት?»

«አልመለሱም።»

«እንግዲያው!»

ጎንበስ ብለው ሪባኑን ፈቱ። ውስጡ ኬኩ ነበር።

«ይሄ የተጋገረው በጥቅምት ነው። ዘቢቡን የገዛልኝ ባልሽ ነው። ሁለት ከረጢት ብዬው አራት ይዞ መጣ። ይበዛል ብለውም ሁሉንም ካልጨመርሽ ብሎ ቆመብኝ።»

በጥቅምት ማናችንም መታመሙን አናውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎማ ላስነፋ ብሎ ወጥቶ መዘግየቱ ትዝ አለኝ። ስለ ዘቢብ የነገረኝ የለም።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ኬኩ መጠበቅ ይችላል።»

ይዤው ገባሁና እንደ ዱሮው ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት። እቆርሰዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሳሙናውን፣ ምላጩን፣ የእሱ የሆነውን ሁሉ እንዳስቀመጥኩት ነበር፤ ኬኩንም ከእነዚያ ጋር ቆጠርኩት።

በእኛ የገና ዋዜማ አሮጊቷ ድስት ይዘው መጡ። ያ ቀን እነሱ ዘንድ የሴቶች ገና ነው አሉኝ፤ በዓሉን ሲሠሩ የከረሙት ሴቶች ያርፋሉ፣ ወንዶች ወጥ ቤት ይገባሉ።

«እኛ ወንድ የለንም» አልኳቸው።

«ስለዚህ እኔ ቀቀልኩ። ድንች ነው፣ በዘይት። ቅቤ የሌለበት ድንች ማቅረቤን አገሬ ከሰማች አታስገባኝም።»

ጨው ነስንሰን በላን። ሲወጡ ፍሪጁን ቀና ብለው አዩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ተመልሼ ትንሽ ተኛሁ። እኩለ ቀን ላይ ተነሥቼ ኬኩን አወረድኩ። ብዙ ጊዜ አየሁት። ካልተበላ እሱ የገዛው ዘቢብ ፍሪጅ አናት ላይ ደርቆ እንደሚቀር ገባኝ፤ እሱ ደግሞ የገዛው የሚበላ ነገር ሲጣል አይወድም ነበር። ሄጄ የአሮጊቷን በር አንኳኳሁና እስኪከፍቱልኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

እኔ ቤት፣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብለን ቆረስነው። ቢላዋው አልሄድ አለ።

«ዘቢብ በዝቶበታል አይደል?» አሉ።

«በዝቷል።»

«እኔ ነኝ ያበዛሁት እንዳትዪኝ።»

አላልኳቸውም። ሁለተኛ ቁራጭ ቆረስኩ።