የቀኝ እግሩ በረባሶ

የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራው ልጄ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውላ እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችኝ። ከባልደረቦቿ ጋር ስንት ጊዜ የደከሙበት ሥራ በድንገት ቀጥ ብሏል። ለካ የእነሱ ሥራ በሌላ ሰው ሥራ ላይ፣ ያም በሌላው ላይ የተደገፈ ነው፤ ከሁሉም ሥር አንድ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ድሮ ጽፎ የተወው ቁራጭ አለ። ያ ቁራጭ ሲጎድል የላዩ ሁሉ ተናደ። ሰውዬውን ፈልጋችሁታል ወይ አልኳት። ማንን አለችኝ። ስልክ ለመክፈት እንኳ ጎረቤት የምጠራው እኔ፣ ነገሩ ወዲያው ገባኝና እንቅልፌን አጣሁ።

በደርግ ጊዜ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ባለ የገበሬ ማኅበር ወፍጮ ላይ እሠራ ነበር። የማውቀው ማስነሳትና ማጥፋት ብቻ ነው፤ ማስነሳቱም አንዳንዴ እምቢ ይለኛል። የተተካሁት ለብሔራዊ ውትድርና በተወሰደ ወጣት ቦታ ነው። ከመሄዱ በፊት የሞተሩ አንድ እግር ተሰንጥቆ ቢያስቸግረው፣ ከግራ በረባሶው ተረከዙን ቆርጦ ከሥሩ ወተፈበት። የከባድ መኪና ጎማ ነው፣ ወፍራም። የአገሩን ዳጉሳና በቆሎ ተሸክሞ የኖረው ያ ተረከዝ ነው። የቀኙን ትቶት ሄደ፤ እናቱ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

አንድ ክረምት ጎማው አለቀ። ሞተሩ ዘለለ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ወለቀ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከቡሬ መለዋወጫ አይታሰብም። የራሴን በረባሶ ቆርጬ ብሰጠው ቀጭን ሆነበት። ብደርብለት አንዱ ካንዱ ተንሸራቶ ወጣ። ሴቶቹ ባዶ እግሬን አይተው ጫማውም እንደ ጌታው ሥራ አይወድም አሉ። እውነታቸውን ነው። እህላቸውን አዝለው ወደ ድንጋይ ወፍጮ ሲመለሱ ግን የሳቀ የለም።

ልኩ ጎማ የት እንደተሰቀለ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ የሚያሳዝን ፊት ያለህ አንተ ነህ ብለው እኔን ላኩ። የልጁ እናት ደጅ ቆሜ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ላማቸው ጠየቅሁ። እሳቸው ዓይናቸው ምሰሶው ላይ ነው።

«ምን ተጫምቶ ይመጣል ብዬ ነው የያዝሁት» አሉ ቆይተው።

በአንድ እግር ጫማ ማን ይመጣል ልል ነበር።

«ይቅርብን፣ እመት» ብዬ ተመለስሁ።

በማግስቱ በነጠላቸው ጠቅልለው ራሳቸው አመጡት። ተረከዙን ብቻ እንድቆርጥ፣ ማሰሪያውን እንድመልስላቸው አዘዙኝ። እንዳዘዙኝ ቆረጥሁ። ጎማው ልክ ገባ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ድምፁ ሌላ ሆነ፤ በጭቃ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ኮቴ፣ ከበድ፣ ከበድ እያለ ይመጣል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ማሰሪያውን እንደያዙ በሩ ላይ ሄደው ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው።

«አታጥፋው» አሉኝ፣ ዘወር ሳይሉ።

እህሉ አለቀ፤ ሰዉም ዱቄቱን እየተሸከመ ሄደ። ሞተሩ ባዶውን ዞረ። ማጥፋት አውቃለሁ ያልሁት እኔ ናፍጣው እስኪያልቅ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።