በፍልሰታ የቀረበልኝ ዳክዬ

ልጄ ከሱዳን ብትወጣልኝ ፍልሰታን አንዲት እንከን ሳላስገባ እጾማለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። እመቤታችን ድርሻዋን ፈጸመች፤ ልጄ መጥታ ሳን ሆዜ ሥራ ገባች። የቀረው የእኔ ድርሻ ነው። ታዲያ ፍልሰታ ልትገባ ስትል የምሠራበት የኦክላንድ ሆቴል ሱፐርቫይዘር ጠራኝና፣ «ቬኬሽንህን በኦገስት ካልወሰድክ ይቃጠላል» አለኝ።

በእረፍት ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ላውንድሪ ውስጥ አብሮኝ አንሶላ የሚያጥፍ ቻይና ሽማግሌ ግን ያውቅ ነበር። የተወለደው ማሌዥያ፣ ፔናንግ በምትባል የወደብ ከተማ ነው።

«አገሬን እይልኝ። አልጋ ርካሽ፣ ምግብ ርካሽ። እኔ እንኳ አርጅቻለሁ» አለኝ፤ ከእሱ ብዙም እንደማላንስ ረስቶ።

«ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም» ስለው ካርቶን ቀደደና በቻይንኛ ጻፈልኝ። «ይህን አሳይ፤ ማንም አያሳስትህም።»

ብቻዬን ሄድኩ። በዚያች ከተማ አንድ መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይኖች መቅደስ፣ የህንዶች መቅደስና መስጊድ ተሰልፈዋል። ደወሉ ሲያበቃ አዛኑ፣ አዛኑ ሲያበቃ ከበሮው ይቀጥላል። እኛ ኦክላንድ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ማን ስንት ሰዓት ይግባበት እያልን እንጣላለን፤ እነሱ በአንድ መንገድ አራት ሃይማኖት ይዘው ሲጣሉ ያየሁት በመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። አልጋዬ ከሱቅ በላይ ነበር። ግድግዳው ጣውላ ነው፣ ጣራው ጋም አይደርስም፤ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ያለ ተጨማሪ ክፍያ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካርቶኔን ለአንድ ባለሱቅ አሳየሁ። አነበበና እጄን ይዞ መቅደሱ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት አስቀመጠኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ካርቶኑን አንብባ በሁለት እጇ መለሰችልኝ፤ ከዚያ ዳክዬ አመጣች። ቆዳው ተጠብሶ ያብረቀረቀ፣ ተቆራርጦ የተደረደረ ዳክዬ! እኔ በፍስኩም ቀምሼው አላውቅ።

«ኖ ሚት!» አልኳት።

«ኖ ሚት፣ ኖ ሚት» እያለች፣ እየሳቀች ወደ እኔ ገፋችው።

አማትቤ ወጣሁ። ምን ብሎ ጽፎብኝ ይሆን እያልኩ ያን ሽማግሌ በልቤ ረገምኩት። ካርቶኑን ቦርሳ ውስጥ ቀበርኩና ከዚያ ወዲያ የማምነው የገዛ ዓይኔን ሆነ። ዓይኔም ወደቡ አጠገብ ቆስጣ የመሰለ ቅጠል የሚጠብስ ሰውዬ አገኘልኝ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ሰባት ቀን እሱን በሩዝ በላሁ። ሲጣፍጥ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጾም እንዲህ የጣፈጠኝ የለም። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።

እንደተመለስኩ ሽማግሌውን ከሰስኩት። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ የአንድ ሰው ባይሞላም እንግባባለን።

«ዳክዬ አብሉልኝ ብለህ ነው የጻፍከው?»

አንሶላውን ለቆ ሳቀ። «ያ'ኮ አኩሪ አተር ነው! የቡድሃ መነኮሳት ምግብ። እንዲያ አድርገው ይሠሩታል።»

«ሥጋ ላይበሉ ሥጋ ማስመሰሉ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እነሱን ጠይቃቸው። አንተስ ምን በላህ?»

ቅጠሉን ነገርኩት።

«ቡናማ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ነበረበት?»

«ነበረበት። ያጣፈጠውም እሱ ነው።»

«ሽሪምፕ ነዋ! ከባሕር ወጥቶ፣ ተወቅጦ በፀሐይ የደረቀ።»

ልጄን ላወጣችልኝ እመቤቴ ውለታዋን እንዲህ ልመልስ? የዓሣውን ነገር እንኳ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ ሽሪምፕ ግን ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ለእኛ በፍስኩም አይፈቀድ።

ሪችመንድ የሚኖሩት የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ልጄ እያሉ የሚጠሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

«አባቴ፣ ዳክዬውን እምቢ ብዬ ሽሪምፕ በላሁ» ስላቸው ሳል ያዛቸው። ሳቅ መሆኑ ገብቶኛል።

«ሳታውቅ ነው ልጄ፣ ይቅር ይበልህ።»

«ስለቴስ?»

«ልብህ ካላረፈልህ አሥራ ስድስቱን ቀን እንደገና ጹም። ሰውየውን ግን ይቅርታ ጠይቀው። እሱን የረገምከው አውቀህ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አሥራ ስድስቱን ቀን እንደገና እንደምጾምም ነገርኩት። «እንግዲያው የማበላህ እኔ ነኝ» አለኝ። ከቻይና ታውን እያመጣ ዘጠኝ ሰዓት ብሬክ ላይ ያቀርብልኝ ጀመር፤ ዛሬ ዳክዬ፣ ነገ ዓሣ፣ ከነገ ወዲያ የአሳማ ጎድን። ሁሉም አኩሪ አተር። ለመድኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት።

ክፍል የምታጸዳ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ጎድኑን ስግጥ ደረሰችብኝ።

«ጋሼ! ስለት ይዣለሁ፣ እጾማለሁ አላሉም እንዴ?»

«አኩሪ አተር ነው የኔ ልጅ።»

«አይ ጋሼ» አለች ከልቧ አዝና፣ «ቢርብዎትም'ኮ አይፈረድብዎትም።»

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አንዱ ከኋላዬ፣ «አተሩ ሲታረድ ይጮሃል?» ሲል ሰማሁት። ልጄም ከሳን ሆዜ ደወለች። «አባዬ፣ አሳማ?» አለችኝ። ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። «እሺ አባዬ» አለችኝ፣ ለታመመ ሰው እሺ እንደሚባለው።

አሥራ ስድስቱን ቀን ጨረስኩ። በዕድሜዬ እንከን ያልገባባት ጾም ያቺ ብቻ ናት። እመቤታችን ታውቃለች፤ ቻይናውም ያውቃል።