ቀዩ ጨርቅ

አዳዳ ዛሬም በሶብላ ከምናበቅልበት ላስቲክ ቤት በር ላይ ቆማ፣ «ጨርቁ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሩ ባዶ መሆኑ ፊት ለፊቷ እየታየ። «የለም፣ ግቢ» አልኳት። አዳዳ የምንላት የአባቴን እህት ነው፤ ከጉደር ስትመጣ እንዲህ ሳትጠይቅ አትገባም።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከአባዬና ከእማዬ ጋር በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል አመርት ነበር። ላስቲክ ቤቱ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሲገቡ የእርጥብ አፈርና የበሶብላ ሽታ ፊት ላይ ይለጠፋል። አባዬ ፀረ ተባይ የረጨ ቀን ግን ብረት የላሱ ያህል ምላስ ላይ የሚቀር ነገር አለ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ሦስት ቀን ማንም አይገባም፣ ቅጠልም አይቆረጥም። ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

ቦኖ ላይ ውሃ ስቀዳ ልጃገረዶቹ አባዬንና ጨርቁን እያነሱ፣ «ኦቦ ቶሎሳ ቤት ቃልቻ ገባ አሉ! እስቲ ንገሪን፣ የሚበላው ቀይ ዶሮ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኛ ደግሞ እሁድ እሁድ ቸርች የምንሄድ ሰዎች ነን። መልስ መስጠት አልችልበትም፤ አንገቴን ደፍቼ ጄሪካኔን አነሳለሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ በረጨ ማግስት፣ ከእማዬ ጋር ገበያ ሄዱ። ልጃገረዶቹ እንዳይስቁብኝ ጨርቁን ፈታሁት። ሳይመለሱ አስረዋለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩና ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለት መደብ በሶብላ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ውስጡ ዝንብ እንኳ አልነበረም።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ፣ «አዳዳሽ ለልጇ ሠርግ በርበሬ ብላ ጆንያ ሙሉ ይዛ ሄደች» አለችኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጨርቁን መልሶ ማሰር ነው። ከዚያ ሚኒባስ ለመያዝ ሮጥኩ።

ጉደር አዳዳ ቤት ስደርስ ሴቶች ሙቀጫ ከበው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቅጠሉ ተቀንጥሶ ትልቅ ሳፋ ሞልቷል፤ ገና አልተወቀጠም።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ!» አለችኝ አዳዳ። «በሶብላችሁን ግን ምን አብልታችሁት ነው? እጄን ለበለበኝ።» ጣቷን ላስ አደረገችው።

«እጄን ብላ ሥራ ልትሸሽ ነው!» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ሳፋውን ብድግ አድርጌ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ሲጮሁብኝ «መርዝ ነው» ብቻ አልኩና ሸሸሁ። እጅሽን ታጠቢ ማለት አልመጣልኝም።

አዳዳ ሳምንት ሙሉ ስታስመልስ ሰነበተች። አባዬ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ «ጨርቁን እያየሽ?» ብሎ ተቆጣት።

«የእናታችን አጥንት ይውጋኝ፣ ጨርቅ አላየሁም!»

ወደ እኔ ዞረ። «ታስሮ አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ። እሱም ከገበያ ሲመለስ ታስሮ አግኝቶታል።

ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ፣ «ዝምተኛዋ አተረፈችን» እያለ ሳመኝ። ቦኖ ላይም ከዚያ ወዲያ የሳቀብኝ የለም።

ዛሬ ስትቀነጥስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርጅና ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም።

«ያን የሚያህል ቀይ ጨርቅ ፊቴ ተሰቅሎ አላየሁትም» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላምነውም።»

ዓይኗ ደህና ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው ራሷ ናት። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጆግ አምጥቼ እጇን አስታጠብኳት።