አቧራ የጠጣው ሾፌር

ጎረቤቴና እኩያዬ ገመዳ የአንድ ነጋዴ ሾፌር ነበር። ድሬዳዋ ላይ በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ሊወዳደር መሆኑን ሲነግረኝ፣ በዚያው የበረሃዋን ከተማ ልያት ብዬ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ለሙቀቱ ስስ እጀ ጠባብ አሰፋሁ፤ ለአዳማ ሰው ሁሉ «አንደኛ ሆነን እንመለሳለን» ብዬ ፎከርኩና በባቡር ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ገመዳ አንድ ሽበታም አርመናዊ ከሚነዱት መኪና ኋላ ተለጥፎ አቧራ ይጠጣል። መንገዱ ሰፊ ነው። «ቅደም እንጂ!» እያልኩ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። እሱ ግን እንደተከተላቸው ሁለተኛ ወጣ።

ሮጬ ደረስኩና «ምነው፣ መኪናዋ እምቢ አለችህ?» አልኩት።

«መኪናዋማ ደህና ናት» አለኝ፣ አቧራውን ከቅንድቡ እየጠረገ። «አንተ ግን አታፍርም? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አባቴን የሚያህሉ ሰው ቅደም ትለኛለህ?»